ቁልፉ በማን እጅ? የኢትዮጵያ መጋዘን ከጉድጓድ እስከ ደረቅ ወደብ

ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ተባዩ የሚቦረቡረው ሆድ የለውም፤ በደንብ ደርቆ ጎተራ ከገባ ዓመታት ይቆያል። ማሽላና በቆሎ ግን ይህ ዕድል የላቸውም። ስለዚህ ማሽላ የሚበላው የሐረርጌ ገበሬ ከጤፍ አገር ሰው የተለየ ዘዴ ዘየደ፤ መሬት ቆፈረ። የጉድጓዱ አፍ አንድ ሰው በመከራ የሚያስገባ፣ ሆዱ ግን ሰፊ ነው። ግድግዳው ይለሰናል፣ ገለባ ይነሰነስበታል፣ እህሉ ይገለበጥበታል፣ አፉ በድንጋይና በጭቃ ይመረጋል። አየር ስለማይገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። እርጥበት ከገባ ግን እህሉ ይሻግታል፤ ዳር ዳሩን የነካው ሻጋታ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ሆኖ ቀርቷል።

ጉድጓድ ከነቀዝ ሌላ ደግሞ ከሰውም ያስጥላል። ዘማች ወታደር በደረሰበት መንደር በባላገሩ ቤት አርፎ፣ ካለው በልቶ፣ የቀረውን ጭኖ በሚሄድበት ዘመን ደጅ ላይ ቆሞ የሚታይ ጎተራ ጥሪ ነበር። ከጉድጓዱ በላይ አፈር ተደልድሎ፣ ሲሻ ከብት ታስሮበት፣ ከባለቤቱ በቀር የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የአገራችን የመጋዘን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እህልን ከተባይ ብቻ ሳይሆን ከባለ ሥልጣን ከመሸሸግ። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ በኋላ ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶውና ፎርክሊፍቱ ሲመጣም አብሮ ይመጣል።

ቤተ መንግሥቱ በበኩሉ የራሱ ጎተራ ነበረው። ግብር ይበላል፣ ሠራዊት ይቀለባል፣ ግምጃ ቤቱን በጅሮንዱ ይጠብቃል። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሲመጣ፣ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶ፣ አንበጣና ድርቅ የቀረውን ወስዶ፣ የጉድጓዱም የጎተራውም እህል አለቀ። ከዚያ መዓት በኋላ አፄ ምኒልክ ወታደሩ በባላገሩ ቤት መብላቱን ለማስቀረት ሲሉ አሥራት ደነገጉ፤ ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን በዓይነቱ ወደ መንግሥት ጎተራ ያገባል፣ ወታደሩም ከዚያ ይሰፈርለታል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የገበሬው እህል በደንብና በሥርዓት ሌላ ሰው ቁልፍ ወደያዘው ቤት መግባት ጀመረ። አሥራት ሙሉ በሙሉ የቀረው በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተክቶ በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ማለት አሥራት ከ70 ዓመት በላይ ኖሯል።

የንግድ መጋዘን ግን ከእህል አልተወለደም። ከቡናና ከቆዳ ነው የተወለደው፤ የተወለደውም በምሥራቅ ነው። በ1873 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር ሲገባ የመጣው ግጥም ሊጽፍ ሳይሆን ባርዴ ለተባለ የኤደን ነጋዴ ቡናና ቆዳ ሊሰበስብ ነበር። ቡናው ተለቅሞ፣ ተጠቅልሎ፣ ግመል እስኪገኝና መንገዱ ሰላም እስኪሆን አንድ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በሲራራ ወደ ዘይላ ይወርዳል። የግመል ንግድ ትዕግሥተኛ ስለሆነ ብዙ መጋዘን አይጠይቅም። ጭነቱ ሲሞላ ይነሣል፣ ካልሞላ ይቆያል።

ባቡር ግን ሌላ ነው። በ1886 ዓ.ም. ፈቃዱ ተሰጥቶ የተጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራራ በታች ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ከባቡሩ ጋር ተወለደች። ባቡሩ ሰዓት ስላለው ጭነቱ አስቀድሞ ተሰብስቦ፣ ተመዝኖ፣ በጆንያ ተሰፍቶ ሐዲዱ ዳር መጠበቅ አለበት። ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የመኖች፣ ፈረንሳዮች በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ በከፍታ መስኮትና በብረት በር የሠሯቸው መጋዘኖች ለዚህ ነበር። ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና ዝባድ ወደ ታች ይወርዳል፤ አቡጀዲ፣ ጨውና ላምባ ወደ ላይ ይወጣል። ከነጋዴዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የሕንዱ መሐመድ አሊ ኩባንያ ነበር፤ አዲስ አበባን ጨምሮ በየገበያው ቅርንጫፍ ነበረው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በለገሃር ዙሪያ ጉምሩክና መጋዘን አብረው በቀሉ።

እዚህ ላይ አንድ ፍርድ ልስጥ። ያ የባቡር ዘመን መጋዘን ብዙ ጊዜ በስልጣኔ ታሪክ መልክ ይተረካል። ነገር ግን ለገበሬው ያመጣለት ነገር እምብዛም ነበር። መጋዘኑ የላኪውና የአስመጪው ነው፤ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ፣ ሒሳቡ በኤደንና በማርሴይ ነው። ገበሬው ቡናውን በርካሽ ዋጋ ለሰብሳቢ ሸጦ ይመለሳል፤ ቡናው እየቆየ ዋጋ ሲጨምር የጨመረው ለባለ መጋዘኑ ነው።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ መንገድና የጭነት መኪና ይዞ ገባ። የሕንዱን ኩባንያ አባረረ። ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቅ ገበያ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ያ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መንገዱና ካሚዮኑ ቀሩ። ከሐዲዱ ርቆ የነበረው የእህል አገር፣ አርሲም ጎጃምም፣ ቀስ በቀስ በመኪና ከመርካቶ ጋር ተገናኘ። እህል በረንዳ የሚባለው ሰፈር የአገሪቱ የእህል ዋጋ መለኪያ ሆነ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው እህል እዚያ በደላላ ይሸጣል፤ ከኋላ ባሉ የቆርቆሮ ክፍሎች ይከማቻል፤ በወዛደር ጀርባ ይገባል፣ በወዛደር ጀርባ ይወጣል።

መንግሥትም እህልን መቆጣጠር አሰበ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የእህል ቦርድ ተቋቋመ፤ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ እየገዛ በማከማቸት ዋጋ የሚያረጋጋ የእህል ኮርፖሬሽን ተከተለ። ሥራው ከተማውን እንጂ ገጠሩን አልነካም ማለት ይቻላል። በቡናው በኩል በ1950 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ የቡና ቦርድ ቆመ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በጨረታ መሸጥ ጀመረ። አንድ የማይረሳ ነገር አለ፤ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2806 ጀምሮ ስለ መጋዘን ውል ይደነግጋል። የሰው ዕቃ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ግዴታ እንዳለበት፣ የተቀበለበት ሰነድ ምን እንደሚያወጣ፣ ሁሉ ተጽፏል። ሕጉ ግን ሥራውን ቀደመ። አደራ ተቀባይ ሆኖ፣ የብዙ ሰው እህል አስቀምጦ፣ በደረሰኝ የሚያስተዳድር መጋዘን በዚያ ዘመን አልበቀለም። ነጋዴው የራሱን እህል በራሱ ቤት ያስቀምጥ ነበር፤ ገበሬውም በራሱ ጎታ።

የወሎ ረኃብ ይህን ክፍተት በአደባባይ አወጣው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ ሲያልቅ አገሪቱ በጠቅላላው እህል አልባ አልነበረችም። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረኃብ በሚያወሳው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህልም ነበር። መኸሩ የከሸፈበት ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ። ለክፉ ቀን ተብሎ በመንግሥት ቁልፍ የተቆለፈ፣ በቅርብ ያለ እህል አልነበረም።

ደርግ ሲመጣ ቁልፉን ጠቅልሎ ያዘ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በኋላ ኮርፖሬሽን፣ በመላ አገሪቱ የመግዣ ጣቢያና መጋዘን ዘረጋ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የእንጨት ርብራብ፣ በረድፍ የተደረደረ ኩንታል፤ የዛሬ ብዙ የወረዳ ከተሞች የመጀመሪያውን ትልቅ መጋዘናቸውን ያዩት ያኔ ነው። እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ኮታ ተጣለበት፤ ኮታውን በመንግሥት ዋጋ ያስረክባል። የመንግሥቱ ዋጋ ከገበያው በእጅጉ ያነሰ ነበር። ዝናብ ጠፍቶበት ያላመረተ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር ሲባል ተረት ይመስላል፤ ግን የሆነ ነገር ነው። ነጋዴውም ፈቃድ ቢኖረው ከገዛው ላይ ከፍ ያለውን ድርሻ ለድርጅቱ ያካፍላል፤ በአርሲና በጎጃም እስከ ጭራሹ የግል እህል ንግድ ተከልክሎ ነበር። በየመንገዱ ኬላ ቆመ። የተሰበሰበው እህል ለጦሩ፣ ለመንግሥት እርሻ ሠራተኛና በቀበሌ ሱቅ በኩል ለከተማው ሕዝብ ይታደላል።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። መጋዘን በቁጥር በዛ፤ እህል ግን ተሸሸገ። ገበሬው ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ነጋዴው በሌሊት በአህያ ኬላ ዞረ። ደብቀሃል ተብሎ የተያዘም ታሰረ። ሙሉ መጋዘን እንደ ወንጀል ማስረጃ የሚታይበት ልማድ ሥር የሰደደው በእነዚያ ዓመታት ነው፤ ይህ ልማድ ከደርግ ጋር አልወደቀም።

ከዚያ ዘመን ግን አንድ ደግ ነገር ወጥቷል። ከወሎ በተገኘው ትምህርት በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጠባበቂያ የምግብ ክምችት ተመሠረተ። እንደ አዳማ፣ ኮምቦልቻ፣ ሻሸመኔ፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ ባሉ ከተሞች መጋዘኖቹ ቆሙ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲመጣ ክምችቱ ገና ጨቅላ ስለነበር አልደረሰም። ኋላ ግን፣ በተለይ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ራሱን ችሎ ሲተዳደር፣ ብዙዎች ያደነቁት አሠራር ዘረጋ። ክምችቱ በነጻ አያድልም፤ ያበድራል። እርዳታ ቃል የተገባለት ድርጅት መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ ከመጋዘኑ እህል ተበድሮ ለተራበው ያደርሳል፤ የራሱ ጭነት ሲመጣ ኩንታል በኩንታል ይተካል። ተራቡ ከተባለበት ቀን እስከ መርከቡ መድረሻ ያሉት ወራት ሰው የሚሞትባቸው ወራት ናቸው፤ መጋዘኖቹ እነዚያን ወራት አሳጠሩ። ደካማ ጎኑም ከዚሁ ይመጣል፤ ተበዳሪው መተካት ሲዘገይ መጋዘኑ ባዶውን ይቀራል። የ1992ቱ የሶማሌ ክልል ድርቅ ሲደርስ የሆነው ይኸው ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ ኮታው ቀረ፣ የእህል ንግዱ ተለቀቀ። ገበሬው የሰማው ኬላ መነሣቱን ነው። ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ኮርፖሬሽኑ ወደ ኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅትነት ተለውጦ ከነጋዴው ጋር ተወዳዳሪ ሆነ፤ ብዙዎቹ ትላልቅ መጋዘኖች ግን በእጁ ቀሩ። የግሉ ነጋዴ ነጻነት አገኘ እንጂ ማከማቻና ገንዘብ አላገኘም። ስለዚህ አያከማችም፤ ይገዛል፣ በሳምንቱ ይሸጣል። ገበሬው በጥር ማዳበሪያና ግብር ሊከፍል በርካሽ ይሸጣል፣ በክረምት ለልጆቹ ቀለብ በውድ ይገዛል።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የመጋዘኑ ታሪክ ድንገት ወደ ወደብ ዞረ። እስከዚያ ድረስ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ይገባ ነበር። በአሰብ መጋዘኖች የነበረው የኢትዮጵያ ነጋዴዎችና ድርጅቶች ንብረት እዚያው ቀረ። ኢትዮጵያ ጉዳዩን ወደ ሁለቱ አገሮች የይገባኛል ጥያቄ ኮሚሽን ወስዳ ተከራከረች፤ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ውድቅ ተደረገባት። የሰው አገር መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚወሰነው በሰላም ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የውጭ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል ሆነ፤ እዚያ ዕቃ ሲቆይ ኪራዩ የሚቆጠረው በውጭ ምንዛሪ ነው።

በዚህ መሐል በአገር ውስጥ አስገራሚ ነገር ደረሰ። በ1993ና በ1994 ዓ.ም. መኸሩ እጅግ ጥሩ ሆነ። በቆሎ ከመብዛቱ የተነሣ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ የማጨጃውን ወጪ እንኳ አልሸፍን ሲል በማሳው ላይ የተወም ነበር። የሚገዛው፣ የሚያከማቸው፣ ለነገ የሚያቆየው ጠፋ። በማግሥቱ ዝናብ ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ማሳ ላይ የበሰበሰው በቆሎ በመጋዘን ቢቆይ ኖሮ የተራበውን ሁሉ ያጠግብ ነበር አልልም። ነገር ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከትርፍ ወደ ረኃብ የወደቀ አገር ችግሩ ዝናብ ብቻ ነው ሊል አይችልም።

መንግሥት ይህን ሳያይ አልቀረም። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 372/1996 ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ገበሬ ወይም ነጋዴ እህሉን ፈቃድ ላለው መጋዘን ያስረክባል፤ መጋዘኑ መዝኖ፣ ደረጃ አውጥቶ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ባለ ደረሰኙ ደረሰኙን ሊሸጠው፣ ሊያስተላልፈው፣ ባንክ ወስዶ ሊበደርበት ይችላል። የ1952ቱ ሕግ በወረቀት ያስቀመጠው ነገር ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተጻፈ።

አዋጁ እግር ያገኘው በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት፣ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። ሰው የሚያስታውሰው አዳራሹን ነው፤ ጃኬት የለበሱ ተገበያዮች እየጮሁ፣ ሲስማሙ እጅ ለእጅ እየተማቱ። የነገሩ ልብ ግን አዳራሹ አልነበረም። ልቡ እንደ ሳሪስ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ጅማ፣ ጊምቢ፣ ሑመራ፣ መተማ ባሉ ቦታዎች የነበሩት መጋዘኖች ናቸው። መኪና ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ጆንያው በመርፌ እየተወጋ ናሙና ይወጣል፤ እርጥበቱ ይለካል፤ ቡና ከሆነ ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይቀመሳል፤ ደረጃው ይወሰናል፤ ይመዘናል፤ ደረሰኙ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። አቅራቢው ጆንያውን ሳይሆን ደረሰኙን ይሸጣል፤ ገንዘቡ በማግሥቱ በባንክ ሒሳቡ ይገባል። ስንቱ ነጋዴ በዱቤ ሰጥቶ፣ ተክዶ፣ ፍርድ ቤት ሲመላለስ በኖረበት አገር በማግሥቱ ገንዘብ ማግኘት ትንሽ ነገር አልነበረም።

ችግሩ መጀመሪያ የታሰበው ለእህል፣ የተሳካው ግን ለቡናና ለሰሊጥ መሆኑ ነው። በቆሎና ስንዴ ወደ ገበያው መምጣት አልፈለጉም፤ እህል በረንዳ በደላላው ቀጠለ። ቡና በአዋጅ ቁጥር 602/2000 ተገድዶ በ2001 ዓ.ም. ገባ። ያ ዓመት ቀላል አልነበረም። በመጋቢት መንግሥት የውጭ ዋጋ እስኪጨምር ቡና ደብቃችኋል ያላቸውን ትላልቅ ላኪዎች መጋዘን አሸገ፤ 17 ሺህ ቶን ያህል ቡና ተወሰደ። በአንድ እጁ ለአደራ የሚታመን መጋዘን እየሠራ፣ በሌላ እጁ መጋዘን የሚያሽግ መንግሥት ነበር። ላኪዎቹ ጥፋት አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዕቃ አቆይቶ ዋጋ መጠበቅ የመጋዘን ሥራው ራሱ ነው፤ ለገበሬው ‘አትቸኩል፣ አቆይተህ ሽጥ’ ብለን ስንመክር የምንነግረው ይህንኑ ነው። ለገበሬ ብልኃት የሆነው ለነጋዴ ወንጀል የሚሆንበትን ድንበር ሕጉ በግልጽ አላሰመረም።

ሌላም ቅሬታ ተነሣ። የይርጋ ጨፌ ቡና በደረጃው ከሌላው ይርጋ ጨፌ ጋር ተደባልቆ ስለሚቀመጥ፣ የትኛው ገበሬ ወይም የትኛው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እንዳመረተው አይታወቅም ነበር። ልዩ ቡና ፈላጊ የውጭ ገዢዎች አጉረመረሙ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ እንዲልኩ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ በሩ ለሌሎችም ሰፋ። የቡና መጋዘን እንደገና ወደ ላኪውና ወደ አቅራቢው እጅ መመለስ ጀመረ።

በእነዚያው ዓመታት ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሞጆ ሌላ ዓይነት መጋዘን ታበቅል ነበር። ደረቅ ወደቡ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የመርከብ ድርጅቱ፣ የማሪታይምና ትራንዚት አገልግሎቱና የደረቅ ወደብ ድርጅቱ ተዋሕደው አንድ ሲሆኑ፣ መልቲ ሞዳል የሚባለው አሠራር ተስፋፋ፤ ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ሳይከፈት፣ በአንድ ሰነድ፣ ሞጆ ድረስ ይመጣል፤ ጉምሩኩ የሚፈጸመው እዚህ ነው። የታሰበው የጅቡቲን ኪራይ መቀነስ ነበር። መጀመሪያ የሆነው ግን ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ ወጥቶ ሞጆ መቆለል ነበር። ነጋዴው ዲክላራሲዮን ሊያስፈጽም ሲመላለስ፣ ትራንዚተሩ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ኮንቴይነር ለማንሣት ሌላው እየተነሣ ቦታ ሲቀያየር፣ ወራት አለፉ። አስመጪው ዕቃውን ቶሎ አያነሣም ነበር፤ የራሱ መጋዘን ከሌለው ሞጆ ራሷ መጋዘኑ ናት። የዓለም ባንክ በ2009 ዓ.ም. ለንግድ ሎጂስቲክስ ካጸደቀው 150 ሚሊዮን ዶላር ትልቁ ድርሻ የታሰበው ለዚችው ሞጆ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ጭነት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ለዕቃው ሌላ መንገድ ከፈተ፤ ኮምቦልቻ፣ ሰመራ፣ ድሬዳዋ፣ ገላንና ሌሎችም ደረቅ ወደብ አገኙ።

ከሞጆ ወጥቶ ዕቃው ወዴት ይሄዳል? ከቃሊቲ እስከ ዱከም፣ በሰበታ መንገድም፣ ‘መጋዘን ይከራያል’ የሚል ጽሑፍ በየአጥሩ ላይ ነው። ብዙዎቹ የተሠሩት ለፋብሪካ ተብሎ በተወሰደ መሬት ላይ ነው፤ ማሽን ከመትከል ጣሪያ አቁሞ ማከራየት ቀለለ። መጋዘን ማለት አራት ግድግዳና ቆርቆሮ ነው፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ያረጥባል፣ እሳት ማጥፊያ የለም፣ መኪና መዞሪያ የለም። ፓሌትና መደርደሪያ ያለው ጥቂት ነው። ዕቃ ሲደርስ የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ማኅበር ካልነካው አይወርድም፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው። ባለ ንብረቱ ያማርራል፤ ጎረምሶቹ ደግሞ መቶ ኪሎ በጀርባቸው የሚሸከሙ፣ ከዚያ ሥራ በቀር ሌላ ያጡ ናቸው። ሁለቱም እውነት አላቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል ጥሩ የተሠራ ነገርም አለ። የአበባ እርሻው ሲያድግ ማቀዝቀዣ የግድ ሆነ፤ አበባ በፀሐይ ግማሽ ቀን አይታገሥምና። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሰኔ 2009 ዓ.ም. ሁለተኛውን የጭነት ተርሚናል ሲያስመርቅ፣ ቦሌ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል የማስተናገድ አቅም አገኘ። ይህ አቅም ከሦስት ዓመት በኋላ ሳይታሰብ ጠቀመ፤ ኮቪድ ሲመጣ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም የአህጉሩን የሕክምና ዕቃ ማሰራጫ ቦሌ ላይ ተከለ።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በኮምቦልቻ የነበረው የእርዳታ መጋዘን ተዘረፈ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኮምቦልቻና በደሴ ማደሉን አቆመ። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም.፣ አሜሪካ የምግብ እርዳታዋን በመላ ኢትዮጵያ አቋረጠች፤ እህሉ ለተራበው ሳይደርስ ወደ ገበያ ይዞራል በሚል። ወራት ወሰደ እስኪመለስ። መጋዘኖቹ አልፈረሱም ነበር፤ የፈረሰው ከመጋዘኑ በር በኋላ እህሉ የት እንደሚሄድ የሚያረጋግጠው ሰንሰለት ነው።

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ ደግሞ በድሬዳዋ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና ተመረቀ። ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ይቀመጣል፣ ይደረጃል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሎጂስቲክሱም ለውጭ ባለ ሀብት በጋራ ሽርክና በከፊል ተከፍቷል። ሕንጻው በእነዚህ እጆች እንደሚበዛ አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ደረሰኙን ነው።

የባንክ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ቃሊቲ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘኑን አስይዞ ከእናንተ ሚሊዮኖች ይበደራል፤ በዚያው መጋዘን ውስጥ ያለው እህል ባለቤት ግን በእህሉ ሊበደር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሰሚ አያገኝም። ሕግ የለም እንዳትሉ፣ 372/1996 አለ፤ በሚንቀሳቀስ ንብረት ስለመያዣ የወጣው 1147/2011ም አለ። በጥር በርካሽ ሸጦ በክረምት በውድ የሚገዛው ገበሬ እህሉን በአቅራቢያው ባለ የታመነ መጋዘን አስገብቶ፣ በደረሰኙ ለግብርና ለማዳበሪያ የሚበቃ ብድር እንዲያገኝ አድርጉት። በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዩኒየን መጋዘን፣ በአንድ የበቆሎ መኸር ጀምሩት። መንግሥትም ያንን መጋዘን ዋጋ በናረ ቁጥር አያሽገው።